ግድቡ ቆመ፤ የሰፈርህ ትራንስፎርመርስ?

ወገን! ወንድሜም ስማኝ፣ እህቴም ስሚኝ። ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ሊያስቆጣ ይችላል። ይቆጣችሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ኮሜንት እንዳትጽፉ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ፕሮፋይላችንን ቀይረናል፣ ባንዲራ አውለብልበናል፣ የሚያለቅሱ ሽማግሌዎችን ቪዲዮ ተቀባብለናል። ይገባናል! መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ አብዛኞቻችን ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ሊስትሮው ከዕለት ገቢው፣ መምህሩ ከደሞዙ፣ አረብ ሀገር ያለችው እህታችን ከላቧ ቆጥበው ቦንድ ገዝተዋል። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። በዋናነት ከራሳችን ኪስ ወጥቶ የተገነባ ነው። ይህን የሚያጣጥል ሰው እኔ ጋር ቦታ የለውም።

እሺ። አሁን ደግሞ ይህን መልስልኝ፦ ባለፈው ሳምንት ሰፈርህ ውስጥ መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ? በጠቅላላው ስንት ሰዓት? ለምን እንደጠፋ የነገረህ አለ? መቼ እንደሚመጣስ?

አየህ፣ መልስ የለህም። ግድቡ 145 ሜትር ከፍታ እንዳለው በቃልህ ታውቃለህ። ሰፈርህ መግቢያ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ስንት ቤት እንደተሸከመ ግን አታውቅም። የዛሬው ጠቤ ከዚህ ጋር ነው። አባቶቻችን «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲሉ በአባይ ላይ ግድብ አልነበረም። ዛሬ ግድቡ አለ፤ የአባይ ልጅ ደግሞ ሻማ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ተረቱን እኛ ነን የምንሰብረው ወይስ «መብራት ጠማው» ብለን አሻሽለን ለልጆቻችን የምናወርሰው?

መጀመሪያ ነገሩን በወጉ እንወቀው። ካላወቅን የምንጮኸው ወደ ተሳሳተ በር ነው።

ኤሌክትሪክ ሦስት እግር አለው። ማመንጨት፣ ማስተላለፍ፣ ማከፋፈል። ጉባ ላይ ውሃው ተርባይን ያሽከረክራል፤ ይህ ማመንጨት ነው። ከዚያ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ተጭኖ በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል፤ ይህ ማስተላለፍ ነው። ከማከፋፈያ ጣቢያ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መስመር ወደየከተማው ይወጣና ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የሰፈርህ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት አውርዶ ለቤትህ ይሰጥሃል። ሦስተኛው እግር ይሄ ነው፤ ማከፋፈል።

የድሮው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያከፋፍላል፣ ሒሳብ ይሰበስባል። እኛ ግን እስከ ዛሬ ሁሉንም ባንድ ላይ «መብራት ኃይል» ብለን እንሰድባለን። በቃ። ስድቡም አድራሻ ስለሌለው ማንም አይደነግጥም።

እንግዲህ ያስተውሉ፦ በመጀመሪያው እግር ዓለምን አስደንቀናል። ሦስተኛው እግር ግን ያነክሳል። ሦስት እግር ያለው በርጩማ አንዱ እግሩ ከተሰበረ ሁለቱ ወርቅ ቢሆኑም አያስቀምጥም።

አንድ ሒሳብ ላሳይህ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር የተሰቀለለት ሰፈር አለህ እንበል። ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ እናቶች ባንድ ሰዓት ምጣድ ከጣዱ ትራንስፎርመሩ አለቀለት። አምፖሉን፣ ፍሪጁን፣ ማሞቂያውን፣ ብየዳ ቤቱን ገና አልቆጠርንም። ሰፈሩ ግን ሠላሳ ቤት አይደለም፤ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ቤት ሆኗል። ኮንዶሚኒየም ተጨምሯል፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቷል፣ ትራንስፎርመሩ ያው የዛሬ አሥር ዓመቱ ነው። ከዚያ የበዓል ዋዜማ ይመጣል። ሁሉም ይጋግራል። ቷ! ሰፈሩ ጨለመ። ሊጡ በቡሃቃው ውስጥ ኮመጠጠ፣ ዶሮው በከሰል ይጠናቀቃል፣ እኛ ደግሞ ስልካችን ላይ በቀረችው 12 ፐርሰንት ቻርጅ «የጠላት ሴራ ነው» ብለን እንለጥፋለን።

ወንድሜ፣ ትራንስፎርመርህን ካይሮ አላቃጠለችውም። የሰፈሩን ዕድገት የቆጠረ፣ ጭነቱን የለካ፣ ከመቃጠሉ በፊት ሁለተኛ የሰቀለ ሰው ስላልነበረ ነው የተቃጠለው። ጠላት የለንም አላልኩም። ግን ስንፍናን ሁሉ በጠላት የምናመካኝ ከሆነ ለሰነፍ ትልቅ ውለታ እየዋልንለት ነው።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ቃርሜ ብቻ አይደለም። የተመረቅሁት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው። ሥራ የለኝም። እንደኔ ያለ ስንቱ ነው፤ ኮሜንት ላይ እጃችሁን ብታወጡ ገጹ አይበቃም። መስመሩ ሰው ይፈልጋል፣ እኛ ሥራ እንፈልጋለን፣ መሃል ላይ ያለው ጨለማ ነው።

ደግሞ በየስብሰባው ምን እንደሚሉን ታውቃላችሁ፦ «ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ!» ጥሩ። በምን መብራት?

አንድ ጓደኛዬ ሰምቶ ፈጠረ። ዕቁብ በልቶ፣ ከእህቱ ተበድሮ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን ገዛ። እንቁላል ለሃያ አንድ ቀን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ሃያ ቀን አይደለም፤ ሃያ አንድ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ፤ የመጣው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። ብርድ ልብስ አለበሰው፣ ፍም አስጠጋለት፣ አልተረፈም። ባንድ ሌሊት የአንድ ዓመት ዕቁብ ቀዘቀዘ። ብድሩ ግን አልቀዘቀዘም። ይህን ልጅ አሁን «ሥራ ፈጣሪ ሁን» በሉት እስኪ።

እሱ ብቻ አይደለም። ዙሪያህን ተመልከት። ጸጉር ቤቱ ደንበኛውን ግማሽ ራስ ላጭቶ ያስቀምጠዋል። ብየዳ ቤቱ የተዋዋለውን በር በቀኑ አያስረክብም፤ ቅጣቱን ይከፍላል። ዳቦ ቤቱ ያቦካውን ይደፋል። ስጋ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ ወተት ሰብሳቢ ማኅበሩ በሰዓት ይከስራል። ወፍጮ ቤቱ ሲቆም እናትህ እህሉን ተሸክማ ናፍጣ ወፍጮ ወዳለበት ሰፈር ትሄዳለች፤ ርቀቱም ዋጋውም ይጨምራል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ብቻ አይደለም የሚቃጠለው፤ ተመልሶ በተዋዠቀ ቮልቴጅ ሲመጣም ነው።

«ጄኔሬተር ይግዙ» የሚል አለ። ሒሳቡን እንሥራው። አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ከመስመሩ በጥቂት ብር የምታገኘውን ኃይል በ50 ብር ትገዛዋለህ ማለት ነው፤ ያውም ማሽኑን፣ ዘይቱን፣ የነዳጅ ሰልፉን ሳንቆጥር። ሱቁ ይህን ከየት ያመጣዋል? ካንተ ነዋ! የዳቦው ዋጋ ላይ፣ የቆረጣው ዋጋ ላይ፣ የፎቶ ኮፒው ዋጋ ላይ። ነዳጁ ደግሞ በዶላር የሚገባ ነው። በገዛ ውሃችን ያመነጨነውን ትተን የሰው ሀገር ነዳጅ እናነዳለን ማለት ነው። ይህ ሉዓላዊነት ነው እንዴ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሮናል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን መኪናው የሚሞላው ከየትኛው መስመር ነው? ምጣድ ካልቻለው ትራንስፎርመር?

ከገንዘብም የሚከፋ አለ። በጤና ጣቢያ ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይበላሻል። የከተማው ውሃ የሚሳበው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲሄድ ውሃው ተከትሎ ይሄዳል፣ ቢጫ ጀሪካን ይሰለፋል። የኔትዎርክ ታወሩ ባትሪ ሲያልቅ ስልክህ ዝም ይላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በኦንላይንም እየተሰጠ ነው፤ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ፣ ትምህርት ቤቱ መብራት የሌለው ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር እኩል ይቀመጣል? ከማታ ትምህርት የምትመለስ እህትህ በጨለማ መንገድ ልቧ እየመታ ነው ቤቷ የምትገባው። ይህን ለማወቅ ሪፖርት አያስፈልግም፤ እሷን ጠይቃት።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር መስመሮች ሲበጠሱ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መብራት ሲቆረጥ የሚቆረጠው አምፖል ብቻ አልነበረም፤ ባንክ፣ ስልክ፣ ውሃ፣ ሆስፒታል አብሮ ቆመ። ሀገርን እንደ ሀገር የሚያያይዛት ክር ይሄ ሽቦ ነው።

አሁን ወደ መፈክራችን ልምጣ። ሰሞኑን ሁሉም «ኤክስፖርት ይቁም!» ይላል። «እኛ በጨለማ፣ ኬንያ በእኛ መብራት!» ለላይክ ጥሩ ነው። ለእውነት ግን አይሆንም። ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ለኬንያ፣ ለታንዛኒያ የሚሸጠው ኃይል በከፍተኛ መስመር የሚሄድ ነው። ነገ ብታቆመው ኃይሉ ወዳንተ ሰፈር አይመጣም፤ ምክንያቱም መንገዱ ላይ ያለው ያንተ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል፣ ምሰሶው ዘሟል። ጉድጓዱ ሞልቶ ቧንቧው የተሰበረበት ሰው ለጎረቤት መሸጡን ቢያቆም ቤቱ ውሃ አያገኝም። ቢትኮይን የሚያመርቱትም ኃይል በዶላር እየገዙ ነው፤ ለነሱ አዲስ ፈቃድ እንደማይሰጥ በ2017 ዓ.ም. ተነግሯል። እነሱን ስለሰደብን ብቻ ምጣድ አይግልም።

ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከሽያጩ የሚገባው ዶላር ስንቱ ነው ወደ ማከፋፈያ መስመር የሚመለሰው? ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት የኮንክሪት ምሰሶ ተገዛበት? የት ተተከለ? ይህን በቁጥር ያሳዩን። «ኤክስፖርት ይቁም» ብለህ ስትጮህ ማንም አይጨነቅም። «ገንዘቡን አሳየን» ስትል ግን ወንበር ይንቀጠቀጣል።

«ድሃ ሀገር ነን፣ ታገሱ» የሚሉንም አሉ። ትዕግሥት ማንን ገደለ፤ እኛማ ለግድቡ ከ14 ዓመት በላይ ታግሰናል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ጭራሽ ኤሌክትሪክ እንዳልደረሰው እናውቃለን፤ ለነሱ መስመር እስኪዘረጋ መታገስ ወግ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ሁሉም ዜጋ መብራት ያገኛል ብሎን ነበር። ዓመቱ ደረሰ፣ ገጠሯ እናት አሁንም እንጨት ተሸክማ ጭስ እየዋጠች ነው። ይሁን፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ ይዘገያል።

ግን ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይህን መስመር ለጥገና እንዘጋለን፣ አሥር ሰዓት ላይ እንከፍታለን ብሎ መንገር ስንት ቢሊዮን ይጠይቃል? ምንም! አንድ መልእክት ነው። ሰው ቀድሞ ካወቀ አያቦካም፣ እንቁላል አያስገባም፣ በረዶ ይገዛል፣ ስልኩን ይሞላል። ያልተነገረ መጥፋት ነው ሁለት ጊዜ የሚያከስረን። እዚህ ላይ የጎደለው ብር ሳይሆን ለሕዝብ የሚሰጥ ክብር ነው።

ደግሞም በነፃ እየወሰድን አይደለም። ታሪፉ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ጨምሯል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ዋጋው ዘመናትን ያህል ርካሽ ስለነበር ጥገናውን አልሸፈነም ብለውናል፤ እውነትነት አለው፣ ሽቦና ትራንስፎርመር በነፃ አይመጣም። እሺ ከፈልን። ከጨመርነው ጋር አገልግሎቱስ በየሦስት ወሩ ጨመረ? ዋጋው የጊዜ ሰሌዳ ካለው ጥገናውም የጊዜ ሰሌዳ ይኑረው እንጂ!

እንግዲህ የምንጠይቀው ይሄ ነው። አራት ነገር፣ ግልጽ ነገር።

አንደኛ፦ የታቀደ መቋረጥ ሁሉ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት በሰፈር ስም፣ በሰዓት ይነገር።

ሁለተኛ፦ በየወሩ በየወረዳው መብራት ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ለሕዝብ ይለጠፍ። የሚለካበት ዘዴ በዓለም የታወቀ ነው፤ አንድ ደንበኛ በዓመት ስንት ጊዜና ስንት ሰዓት እንደተቋረጠበት መቁጠር ነው። ያልተቆጠረ አይታረምም። ለዚህ ተቆጣጣሪ አለን፤ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን። ይቆጣጠር።

ሦስተኛ፦ በየዲስትሪክቱ መጠባበቂያ ትራንስፎርመር ይቀመጥ፤ የተቃጠለው በስንት ቀን እንደሚተካ የታወቀ ገደብ ይውጣ። ሰፈሩ ብር አዋጥቶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ እጅ መንሻ ቋጥሮ የሚተካ ትራንስፎርመር አንፈልግም። አንድ ጊዜ በሒሳብ ከፍለናል።

አራተኛ፦ ለመስመር ጥገና ወጣቱን ቅጠሩ። በየከተማው ከዩኒቨርሲቲና ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ልጅ ኮብልስቶን ላይ ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። ስድስት ወር አሠልጥናችሁ ቀበቶና ቆብ ብትሰጡት ሥራ አጥም ይቀንሳል፣ ጨለማም።

ይህ የነሱ ነው። የእኛስ?

አንተም ስማ። ከምሰሶ ላይ ሽቦ ጠልፎ የሚቀጥለው ማን ነው? የከፍተኛ መስመር ተሸካሚ ማማን ብረት ፈትቶ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ የሚሸጠው ከማርስ መጣ? የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አንዳንዶቻችንም እያወቅን ዝም ብለናል። ባንዲራ ለብሶ ማማ የሚፈታ ሰው ካየህ ባንዳ ማለት እሱ ነው፤ አጋልጠው። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ነፍሱን ሸጦ የሚጠግነውን ሠራተኛ ደግሞ አትሳደብ፣ ድንጋይ አታንሳበት። እሱ እንዳንተ የደሃ ልጅ ነው፤ ዕቃ ሳይሰጡት የላኩት ሌሎች ናቸው።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ያዝ። መብራት የጠፋበትን ቀን፣ ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት ጻፍ። ወደ 905 ደውል፤ የአቤቱታ ቁጥር ተቀበልና እሱንም ጻፍ። ጎረቤትህ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ስንት ብር እንደከሰረች ጠይቀህ ጻፍ። አንድ ወር ሲሞላ አሥር ልጆች ደብተራችሁን አገናኙ፤ አንድ ገጽ አድርጋችሁ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች አስፈርማችሁ ወደ ወረዳው፣ ወደ ዲስትሪክቱ፣ ለምክር ቤት ተወካያችሁ ውሰዱ። ማኅተም አስመትታችሁ ቅጂውን ያዙ። ካልመለሱ በሁለተኛው ወርም ሂዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው። ስሜት ማታ ነዶ ጠዋት አመድ ይሆናል፤ በቀን የተሞላ ደብተር ግን ክርክር ያሸንፋል።

«ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ እኛ ትልቁን የሀገር ጉዳይ ነው የያዝነው» የምትለኝ ካለህ፦ ከዚህ የሚተልቅ የሀገር ጉዳይ የትኛው ነው? ሀገር ማለት ካርታው ብቻ ነው? ሀገር የእናትህ ምጣድ ነው፣ የጓደኛህ ማስፈልፈያ ነው፣ የታናሽ እህትህ የማታ ጥናት ነው። ግድቡን ያቆምነው ለፎቶ አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያልን እንድንኖርም አይደለም። ላሟ ጉባ ላይ ቆማለች፤ ታልባለች። አሁን የቀረው ወተቱ ሳይደፋ እስከ ቤታችን ይድረስ ነው።

የአባቶቻችን ተራ ግድቡን መገንባት ነበር፤ በሳንቲም ገነቡት። የኛ ተራ የመጨረሻዋን ሽቦ ማስተካከል ነው። እሱ ላይ ዘፈን አልወጣም፣ ሪባን አይቆረጥበትም፣ ሚኒስትር አይመጣለትም። ለዚህ ነው እኛ የምናስፈልገው።

ደብተርህን ዛሬ ጀምር። የሰፈርህን ስምና በዚህ ሳምንት መብራት የጠፋበትን ሰዓት ኮሜንት ላይ አስቀምጥ፤ እንቆጥረዋለን። ሼር ስታደርግ ደግሞ ደብተር ለሚይዝ ሰው ላክለት።